መጀመሪያ ጭድ፣ ከዚያ በሬ፦ በወሎ በሬ ለማድለብ ዝርዝር መመሪያ

በየዓመቱ የማየው ነገር ነው። ሰው ሰኞ ባቲ ይወርዳል፣ በሬ ይገዛል፣ ማታ ቤት ያደርሰዋል። በነጋታው መኖ ፍለጋ ይሮጣል። ሦስት ወር ቀልቦ ሲሸጥ የፉርሽካውን ወጪ ይቀንስና ራሱን ይይዛል።

ጥፋቱ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በሬው ከመኖው ቀድሞ ይመጣል። ደግሞ ማንም ምንም አይመዝንም፤ መኖውንም በሬውንም።

ከታች ያሉት ቁጥሮች 250 ኪሎ አካባቢ ለሚመዝን አንድ ያገር በሬ የተሰሉ ናቸው። ሁለት ካላችሁ እጥፍ አድርጉት።

ደረጃ 1፦ የሚሸጥበትን ቀን ያዙና ወደኋላ ቁጠሩ

ወሎ ላይ በሬ ለፋሲካም ለአረፋም ይሸጣል። ከበዓሉ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ገበያ ለመውጣት አስቡ፤ ከዚያ ቀን 130 ቀን ወደኋላ ቁጠሩ። 21 ቀን ለጭዱ፣ 14 ቀን ለማላመድ፣ 90 ቀን ለማድለብ ነው። የቀሩት 5 ቀናት መጠባበቂያ ናቸው፤ ያስፈልጓችኋል።

አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ ባምናው ቀን አትቁጠሩ። የሁዳዴ መሀል ላይ የሚደርስ በሬም አታቅዱ። የተጠናቀቀ በሬ ይዞ ገበያ መጠበቅ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ለምን እንደሆነ ደረጃ 8 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 2፦ መኖውን በሙሉ ግቢ ውስጥ አስገቡ

ለአንድ በሬ የሚያስፈልገው፦

- ጭድ ወይም የተከተፈ የማሽላ አገዳ፦ 6 ኩንታል
- ፉርሽካ፦ 160 ኪሎ
- የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው)፦ 80 ኪሎ
- ጨው፦ ለድብልቁ (ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ ጨውና የኖራ ድንጋይ ዱቄት፤ ልኩ ደረጃ 7 ላይ አለ) 2.5 ኪሎ
- የኖራ ድንጋይ ዱቄት (ለመኖ የሚሸጠው)፦ 2.5 ኪሎ
- ዩሪያ፦ 30 ኪሎ
- ወፍራም ፕላስቲክ፣ የእጅ ሚዛን፣ ደብተር

ጭድ የሚረክሰው እህል በተወቃ ሰሞን ነው። ሰኔ ላይ የሚገዛ ሰው ከበሬው ትርፍ ግማሹን ለጭድ ነጋዴ ይሰጣል። የመኖውን ዋጋ ደምሩ። ድምሩ ካስደነገጣችሁ እዚህ አቁሙ፤ በሬው ገና አልተገዛም፣ የከሰራችሁት ነገር የለም።

ፋጉሎውን ሰብራችሁ አሽትቱ። የሻገተ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ከሆነ በነጻም አትውሰዱ። ሻጋታው ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ፀሐይ ላይ ብታሰጡትም አይለቅም።

ኮምቦልቻ አካባቢ የቢራ አተላ ታገኙ ይሆናል። ጥሩ መኖ ነው፤ ግን አብዛኛው ውሃ ነው። ከ4 እስከ 5 ኪሎ እርጥቡ የአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ ያህል ነው። በሙቀት ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይቆይም፤ ከኮመጠጠ ድፉት።

ከታጨደ በኋላ የሚያቆጠቁጥ ለጋ ማሽላ ለበሬ አትስጡ። ቆቦና ከሚሴ ወገን ዝናብ ተቋርጦ የጠወለገ ማሽላም እንደዚያው ነው። ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ ስለሚያመነጭ በሬውን በደቂቃዎች ሊገድለው ይችላል።

ደረጃ 3፦ ጭዱን በዩሪያ አክሙ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ዘለግ አድርጌ ልናገር።

ለምን ታክማላችሁ? በበሬው ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ጭዱን የሚያብላሉ ጥቃቅን ተህዋስያን አሉ። እነሱ እንዲሠሩ መኖው ቢያንስ 7 በመቶ ፕሮቲን ይፈልጋል። ተራ ጭድ ያለው 3 ወይም 4 በመቶ ነው። ዩሪያው በእርጥበት ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አሞኒያው ጠንካራውን አገዳ ያላላዋል፣ ፕሮቲኑንም ከፍ ያደርገዋል። በሬው ያንኑ ጭድ አብዝቶ ይበላል፣ የበለጠም ይጠቀምበታል።

የጤፍ ጭድ ለስላሳ ስለሆነ ሳይታከምም ይበላል። ዩሪያችሁን ለማሽላ አገዳና ለስንዴ ጭድ ቆጥቡ።

1. ውሃ የማይተኛበት ቦታ ምረጡ። 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ጥልቀቱም 1 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። በደንብ ከተረገጠ አንድ ኩንታል ገደማ ይይዛል።
2. ታቹንና ግድግዳውን ፕላስቲክ አልብሱ። ቀዳዳ ካለ አሁኑኑ ድፈኑ።
3. አገዳውን በጣት ርዝመት ክተፉ።
4. 20 ኪሎ ጭድ መዝናችሁ በስሱ አንጥፉ።
5. በ16 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ዩሪያ አሟሙ። ፍሬው ጨርሶ እስኪጠፋ አማስሉ።
6. በአትክልት ማጠጫ እኩል ርጩ። ማጠጫ ከሌለ ክዳኑ የተበሳ ጀሪካን ይበቃል።
7. ውጡበትና ርገጡት። ልጆች ይወዱታል፤ ጫማ ግን ይልበሱ።
8. ከ4 እስከ 7 ያለውን አምስት ጊዜ ድገሙ። አንድ ኩንታል ጭድ፣ 5 ኪሎ ዩሪያ፣ 80 ሊትር ውሃ ይሆናል።
9. ፕላስቲኩን አጥፋችሁ ዝጉ፣ ዳር ዳሩን አፈር ጫኑበት። አየር እንዳይገባ።
10. 21 ቀን አትንኩት። ደሴ፣ ኩታበርና ወረኢሉ ብርድ ስለሆነ 28 ቀን ይሻላል።

"ትንሽ ጨምሬ ላጠንክረው" ብላችሁ ዩሪያ አትጨምሩ። ይህ የእጅ ግምት የሚሠራበት ወጥ አይደለም።

ስትከፍቱ ፊታችሁን ዘወር አድርጉ። ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ከመጣና ቀለሙ ወደ ቡናማ ከዞረ ሠርቷል። ሽታ ከሌለው ፕላስቲኩ ቀዳዳ ነበረው ወይም ውሃው አንሷል፤ እንደ ተራ ጭድ ቁጠሩት። ላዩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካለ የሻገተውን ገፍፋችሁ ጣሉ፤ ከሥሩ ያለው ደህና ከሆነ ይበላል። ጠቅላላው ከጠቆረና የበሰበሰ ከሸተተ ውሃ በዝቷል፤ ለማዳበሪያ ይሁን።

ለቀኑ የሚበቃውን ብቻ በአንድ ጥግ አውጡና መልሳችሁ ዝጉ። ያወጣችሁትን ማታ አስጥታችሁ አሳድሩትና ጠዋት ስጡ። ሳይናፈስ አይሰጥም። ለጥጃና ለጋማ ከብት አትስጡት።

አንድ ጉድጓድ ለአንድ በሬ 20 ቀን ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ቆፍሩ፤ አንዱ ሲበላ ሌላው ይብሰል።

ደረጃ 4፦ አሁን በሬውን ግዙ

የመጀመሪያው ጉድጓድ ሊከፈት ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ገበያ ውጡ። የምትፈልጉት ከሲታ ነገር ግን ጤነኛ በሬ ነው። ተርቦ የከሳ በሬ መኖ ሲያገኝ ቶሎ ያካክሳል፤ ትርፋችሁ እዚያ ላይ ነው። ታሞ የከሳውን ግን ሐኪም ቤት ትቀልቡበታላችሁ።

- አፉን ክፈቱ፤ የታችኛውን ጥርስ እዩ። ላይ ፊት ለፊት ጥርስ የለውም፣ እንዳትደነግጡ። አራት ወይም ስድስት ቋሚ ጥርስ ያወጣ ጥሩ ነው። ያረጀ የእርሻ በሬም ይደልባል፤ ጥርሱ አልቆ ከሆነ ግን ተዉት።
- አጥንቱን እዩ። ረጅም ጀርባ፣ ሰፊ ደረት፣ ክፍት ጎድን። ሥጋውን እናንተ ትሞሉታላችሁ፤ አጥንት መጨመር አትችሉም።
- አራምዱት። ካነከሰ ሂዱ።
- ከጅራቱ ሥር እዩ። እበት ከተለጠፈበት ተቅማጥ አለው።
- ከመንጋጋው ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለ የጉበት ትል ጠርጥሩ። ከቦርከናና ከጨፋ ረግረግ የመጣ ከሆነ ሳይታይበትም ጠርጥሩ።

ደላላው "ጥርሱን ተወው፣ ዓይኑን እይ" ካላችሁ ጥርሱን ድጋሚ እዩ።

ደረጃ 5፦ ክብደቱን በሜትር ለኩ

የከብት ሚዛን የላችሁም፤ እኔም የለኝም። ሜትር ይበቃል።

የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሳንቲ ሜትር ላይ ያልቃል፤ የብዙ በሬ ደረት ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ የማይለጠጥ ገመድ ዙሩበት፣ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ገመዱን በግንበኛ ሜትር ለኩ።

1. ጠዋት፣ ሳይበላና ሳይጠጣ፣ ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙት። አንገቱ ቀጥ ይበል።
2. የደረቱን ዙሪያ ለኩ። ገመዱ ከሻኛው ኋላ፣ ከፊት እግሮቹ ኋላ ይለፍ። አይጥበቅ፣ አይላላ።
3. ርዝመቱን ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ጫፍ ለኩ።
4. ሦስት ሦስት ጊዜ ለኩና አማካዩን ያዙ።
5. ዙሪያውን በራሱ አባዙ፣ በርዝመቱ አባዙ፣ ለ10,840 አካፍሉ። የሚወጣው ኪሎ ነው።

ለምሳሌ ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 120 ቢሆን፦ 150 × 150 × 120 ÷ 10,840 = 249 ኪሎ።

ዙሪያው ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ብትሳሳቱ ውጤቱ 7 ኪሎ ይዛባል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ አንድ ሰው፣ በአንድ ገመድ፣ በአንድ ሰዓት ይለካ የምለው። ቀመሩ ለሻኛማ ከብቶቻችን ልክ ላይሆን ይችላል፤ እናንተን የሚጠቅማችሁ ግን በሁለት ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

በሁለተኛው ቀን ለኩ፤ ይህ ለመድኃኒት መጠን ነው። በ15ኛው ቀን ድጋሚ ለኩ። መነሻችሁ ይህ የ15ኛው ቀን ነው። በመሀል የጨመረው አብዛኛው ሆዱ ውስጥ ያለ ጭድና ውሃ ነው፤ ሥጋ ብላችሁ እንዳትደሰቱ።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት

የመጀመሪያ በሬዬን ያበላሸሁት በመጀመሪያው ሌሊት ነው። ከባቲ በአይሱዙ ተጭኖ ደሴ ሲደርስ ጎኑ ተጣብቆ ነበር። አሳዘነኝ። አንድ ሳፋ የተፈጨ በቆሎ ሰጠሁት፤ ላሰው። ጎህ ሲቀድ ተኝቶ አገኘሁት። የግራ ሽንጡ ተነፍቷል፣ አያመሰኳም። እበቱ እንደ ቡሆ ግራጫ ነው፤ አረፋ አለው፣ ሽታው ያልታጠበ የጠላ ጋን ነው። አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ አይተውት "ልጄ፣ ራበው ብለህ ሆዱን አቃጠልከው" አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ጨጓራው ውስጥ ያሉት ተህዋስያን ጭድ ለምደዋል። ድንገት እህል ሲመጣ አሲድ የሚያመርቱት ይበዛሉ፣ ሆዱ ይኮመጥጣል። ለመልመድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ድብልቁን እንዲህ ስጡ፦

- ከ1 እስከ 3ኛ ቀን፦ ምንም። ድርቆሽ ወይም ተራ ጭድ እና ውሃ ብቻ።
- ከ4 እስከ 6፦ በቀን ግማሽ ኪሎ
- ከ7 እስከ 9፦ 1 ኪሎ
- ከ10 እስከ 12፦ 1.5 ኪሎ
- 13 እና 14፦ 2 ኪሎ
- ከ15ኛው ቀን ጀምሮ፦ 2.5 ኪሎ

የታከመውን ጭድ በ4ኛው ቀን ከተራው ጋር ሩብ ያህል ቀላቅላችሁ ጀምሩ፤ በ14ኛው ቀን ሙሉ ይሁን። መኖውን ትቶ ካደረ ወደ ቀደመው መጠን ተመለሱና ሁለት ቀን ቆዩ። መጠባበቂያ ያልኳችሁ 5 ቀን ለዚህ ነው።

በእነዚህ ቀናት ከሌላ ከብት ለይታችሁ እሰሩት። የወረዳው እንስሳት ክሊኒክ ሄዳችሁ የአባ ሰንጋ፣ የአባ ጎርባና የጎሮርሳ ክትባት ጠይቁ። የትል መድኃኒት በገመትነው ሳይሆን በለካነው ኪሎ ይሰጥ። ለምሳሌ ለጉበት ትል አልቤንዳዞል በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ነው፤ 2,500 ሚሊ ግራም ያለው አንድ ፍሬ ለ250 ኪሎ በሬ ማለት ነው። ያነሰ መጠን ትሉን አይገድልም፤ መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን የጉበት ትል ነው፤ ለጋው ካለ ሐኪሙ ትሪክላቤንዳዞል ሊያዝ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ድብልቁና የቀኑ ሥርዓት

ለ10 ኪሎ ድብልቅ፦ 6.6 ኪሎ ፉርሽካ፣ 3.2 ኪሎ ፋጉሎ፣ 100 ግራም ጨው፣ 100 ግራም የኖራ ድንጋይ ዱቄት።

የኖራ ዱቄቱን "ምን ያደርጋል" ብላችሁ አትተዉት። ፉርሽካ ፎስፈረስ ይበዛዋል፣ ካልሲየም ያንሰዋል። ሁለቱ ካልተመጣጠኑ በተኮላሸ በሬ ላይ የሽንት ጠጠር ይመጣል። ለግንብ የሚሆነውን ኖራ ግን አትንኩ፤ ያቃጥላል።

ጠዋት መጀመሪያ ጭድ። ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ የድብልቁን ግማሽ። ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ እንደገና ጭድ። ማታም እንደዚሁ። ውሃ በቀን ከ30 እስከ 50 ሊትር ይፈልጋል፤ ቆላ ከሆናችሁ ከዚያም በላይ። ሰዓት አትቀያይሩ።

በየጠዋቱ ከግርግሙ የተረፈውን አውጥታችሁ መዝኑ። ከሰጣችሁት ላይ ቀንሱና ጻፉ። ሁለት በሬ ካላችሁ ለየብቻ አብሏቸው። እኩል የሚመዝኑ ሁለት በሬዎች አንዱ ብዙ በልቶ፣ ሌላው ጥቂት በልቶ እኩል ሊጨምሩ ይችላሉ። በአንድ ግርግም ከበሉ የትኛው እንደሚያከስራችሁ አታውቁም።

ደረጃ 8፦ በየወሩ ሒሳብ ሥሩ

በየሁለት ሳምንቱ ለኩ፤ የምትወስኑት ግን በወሩ ልዩነት ነው። 7 ኪሎ ሊሳሳት በሚችል ገመድ የሁለት ሳምንት ለውጥ አይታመንም።

በመጀመሪያው ወር በሬው 75 ኪሎ ድብልቅ በልቶ 20 ኪሎ ጨመረ እንበል። አንድ ኪሎ ጭማሪ 3.75 ኪሎ ድብልቅ ፈጀ ማለት ነው። በሦስተኛው ወር ያንኑ 75 ኪሎ በልቶ 10 ኪሎ ብቻ ቢጨምር 7.5 ኪሎ ፈጀ። እየደለበ ሲሄድ የሚጨምረው ስብ ነው፤ ስብ ደግሞ ከሥጋ የበለጠ መኖ ይበላል።

የድብልቁን ዋጋ አባዙበት፣ የጭዱን ጨምሩ። ከዚያ የገበያውን የአንድ ኪሎ ቁም ክብደት ዋጋ እዩ፤ የሚጠራውን ዋጋ ለክብደቱ ማካፈል ነው። የጭማሪው ወጪ ከዚያ ካለፈ ሽጡ። አንድ ነገር ብቻ፦ ገዢ ለሞላ በሬ በኪሎ የተሻለ ይከፍላል። ሽንጡ ገና ጎድጓዳ ከሆነ ጥቂት ቀን መታገስ ያዋጣል። ከሞላ በኋላ መጠበቅ ግን ለጎረቤት ማሳያ ነው።

ደረጃ 9፦ ሲበላሽ

*አይጨምርም።* በመጀመሪያ ውሃውን እዩ። ቀጥሎ የተረፈውን መኖ። ጭዱን ከተወው ጭዱን አሽትቱ። ሁሉንም እየበላ ካልጨመረ እበቱን ለሐኪም ለትል ምርመራ ውሰዱ።

*እበቱ ቀጠነ፣ ኮመጠጠ።* ድብልቁን ዛሬውኑ አቁሙ፤ ድርቆሽና ውሃ ብቻ። ከተኛና ካላመሰኳ ሐኪም ጥሩ። እስኪደርስ በኪሎ 1 ግራም ሂሳብ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ ቀስ ብላችሁ አጠጡት፤ ለ250 ኪሎ በሬ ሩብ ኪሎ ነው።

*ጭድ በልቶ ተንቀጠቀጠ፣ ለሃጩ ፈሰሰ፣ ተንገዳገደ፣ ተነፋ።* ይህ የዩሪያ መመረዝ ነው፤ ደቂቃ አታባክኑ። ጭዱን አንሱ፣ ሐኪም ጥሩ። መዋጥ ከቻለ 3 ሊትር ያህል አቸቶ ከብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር አጠጡት። መዋጥ ካልቻለ ምንም አትጋቱ፤ ሳንባው ይገባል። የዩሪያ ጆንያና የተበጠበጠ ውሃ ከብት በማይደርስበት ይቀመጥ።

*ያምጣል፣ ሽንቱ ይንጠባጠባል፣ ጅራቱን ያነሳል።* የሽንት ጠጠር ነው። በዚያው ቀን ሐኪም። ካልተከፈተለት ፊኛው ይፈነዳል።

*ድንገት ሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም ወጣ።* አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አትግፈፉ፣ አትረዱ፣ ሥጋውን አትቅመሱ። ገንዘቡ እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ። ሰውን ይገድላል። ለቀበሌው እንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ፤ ሳይከፈት በጥልቅ ይቀበራል።

ደረጃ 10፦ ሽያጭ

መድኃኒት ከወሰደ የመጨረሻው ቀን ደብተራችሁ ላይ አለ። ጠርሙሱ ላይ ሥጋው ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ተጽፏል፤ አይቨርሜክቲን ለምሳሌ ከአንድ ወር ያልፋል። ያ ቀን ሳይሞላ አትሽጡ።

ከገበያው በፊት በነበረው ቀን ለኩት። ማለዳ ጭድና ውሃ ስጡት፤ ድብልቁን ቀንሱ። ሩቅ ከሆነ አታስነዱት፣ ጫኑት። ገዢው ሽንጡን ይጫናል፣ የጅራቱን ሥር ይቆነጥጣል፣ ዋጋ ይጠራል። እናንተ ኪሎውን ስለምታውቁ የምትወርዱበትን ዋጋ ከቤት ወስናችሁ ውጡ።

ጉድጓዱ ውስጥ ጭድ ከተረፈ አትጣሉት። ፕላስቲኩን መልሱ፣ አፈሩን ጫኑበት። አየር ካልገባበት ለወራት ይቆያል፤ ለሚቀጥለው በሬ ይሆናል።